ያልፈታሁት ቀንበር

የገብስ ዘር ደርሶ፣ ተራው የእኔ በሆነበት ጧት፣ የአጎቴ ልጅ በሬውን ከቀንበሬ ላይ ፈትቶ ወሰደብኝ። መሬቴ ጦሙን አደረ፤ እኔም ካገር ወጣሁ። በደሉ ይኸ ነው። የምጨምርበት የለኝም፣ የምቀንስለትም የለኝም።

ከተማ ያደገ ሰው «ታዲያ የራሱ በሬ አይደል?» ይል ይሆናል። አብሮኝ ድንጋይ የሚጠርብ አንድ ጎረምሳ እንዲያ ብሎኛል። የራሱ በሬ ነው፤ አልካድሁም። ግን አንድ በሬ ብቻውን አያርስም። አንድ በሬ ያለው ሰው አንድ በሬ ካለው ሰው ጋር ይቀናጃል፤ ዛሬ የኔ መሬት ይታረሳል፣ ነገ ያንተ። መቀናጆ ነው የምንለው። ውል አይጻፍበትም፣ ምስክር አይቆምበትም። የመጀመሪያው እርሻ ሳይጀመር አንዱ «ዘንድሮም?» ይላል፤ ሌላው «ዘንድሮም» ይላል፤ በቃ። ከዚያ ወዲያ ዘሩ እስኪያልቅ በሬህ የብቻህ አይደለም። ዘር በደረሰ ጊዜ ሰው ሁሉ ተቀናጅቶ አልቋል፤ ያን ሰዓት የተፈታበት ሰው ሌላ ጓደኛ አያገኝም። ዝናቡም አይጠብቀውም። ይህን የማያውቅ ገበሬ የለም። የአጎቴ ልጅም ያውቃል። እኔን ያስተማረኝ እሱ ነዋ።

አገራችን ከደባርቅ ወዲህ፣ ከመኪናው መንገድ ሽቅብ የሚወጣ ደጋ ነው። ብርዱ አጥንት ይገባል። ገብስና ባቄላ ይወጣልናል፤ ማሽላ ያማረው ሰው ቆላ ወርዶ ከዛሪማ ገበያ ያመጣል። አባቴ ቀድሞ ሞተብኝ። እርፍ ያስጨበጠኝ ያ የአጎቴ ልጅ ነው። በዕድሜ ይበልጠኛል፤ አያ እለዋለሁ። ከኋላዬ ቆሞ እጁን በእጄ ላይ ደርቦ፣ ጢሙ ማጅራቴን እየበላኝ አብሮኝ ይሄድ ነበር። መሬቱን አትይ፣ የበሬውን ጆሮ እይ ይለኛል፤ በሬው ወዴት ሊያዘነብል እንዳሰበ ጆሮው ቀድሞ ይነግርሃል ይላል። እውነቱን ነው።

ጨዋታውን ለብቻው መናገር አለብኝ። ሌላው ገበሬ በሬ ሲለግምበት ይገርፋል፣ ይሳደባል። እሱ አንቱ ይላል። «ጌታው፣ ደከመዎ? ወንበር ላምጣልዎ?» ይለዋል በሬውን። ከማዶ የሚያርሱት ሰዎች እርሻቸውን አቁመው ይስቃሉ። እኔም እስቃለሁ፤ የምስቅ ሰው ነበርሁ ያኔ። ከእሱ ጋር ማረስ እንደ ሠርግ ነበር። ከሰው ሁሉ አብልጬ የምወደው ሰው ስለነበር ነው ነገሩ እንዲህ የጠዘጠዘኝ። የማልወደው ሰው ቢፈታብኝ ሰድቤው እተወው ነበር።

ያን ጧት በሬዎቹን አብረን ጠመድን። የእኔ ዳልቻ ዓመቱን እግሩን እየጎተተ ነበር የከረመው፤ ድንጋይ መትቶት ነው፤ ግን ያርሳል። አንድ ፈር ሄደን ተመለስን። ከዚያ እሱ ቆመ። ወደ ዳገቱ አየ። አንገቱን ከቀንበሩ የሚያስረውን ማነቆ ፈታና በሬውን አወጣ። እኔ ማነቆው የጠበቀ መስሎኝ ነበር።

«ምነው አያ?» አልሁት።

ፊቱን አዞረና በሬውን እየነዳ ዳገቱን ወጣ። ቀንበሩ በአንድ ወገን ወድቆ ዳልቻዬ አንገቱን አጣሞ ቆሞ ቀረ። ኋላ ስሰማ፣ ከዳገቱ ማዶ ያለ አንድ ሰው በሬ ሞቶበት ለቀረው ጓደኛ ሲያፈላልግ ኖሯል። የቀረው በሬ ደግሞ እንደ ግንብ ነው። ለካ ከዋዜማው ተነጋግረውበታል።

ሽማግሌ ተቀመጠ። በእኛ አገር ሽማግሌ ሲቀመጥ ጥፋትን እንደ ዳቦ ይቆርሳል። ለዚያኛው ትንሽ፣ ለዚህኛው ትንሽ፤ ማንም ባዶ እጁን አይሄድም። እንዲህ ካልሆነ ሰው አይታረቅም ይላሉ። ለእሱ፣ ሳትነግረው መፍታትህ ልክ አይደለም አሉት። ለእኔ ደግሞ፣ አንተም የሚያነክስ በሬህን ሳታድን ለዘር ማቅረብህ ጥፋት ነው አሉኝ። ሁለታችሁም አጥፍታችኋልና ተነሡ፣ ጉልበት ተሳሳሙ አሉ። እሱ ቀና ብሎ አላየኝም። በዘንጉ መሬት ይጭራል። እኔ ተነሣሁ። የተነሣሁት ግን ለመሳም አይደለም። ግማሹ ጥፋት የኔ አይደለምና አልወስድም ብዬ ሄድሁ። ደረቅ ነው አሉኝ። ደረቅ ነኝ።

ዳልቻን ሸጥሁ፤ እናቴን እህቴ ወሰደቻት፤ እኔ ጎንደር ወረድሁ። ከዚያ አዘዞ። ድንጋይ መሸከም፣ ድንጋይ መፍለጥ፣ ኮብልስቶን ማንጠፍ፣ አሁን ደግሞ በፀዳ በኩል ለሚሠራው አዳዲስ ቤት የግድግዳ ድንጋይ መጥረብ። ድንጋይ ሸጋ ነው። በዋለበት ያድራል።

ሚስቴን ያገኘኋት አዘዞ ገበያ ነው። ሽንኩርት ትሸጣለች። ሽንኩርትሽ በስብሷል አልኋት። የበሰበሰስ ፊትህ ነው አለችኝ። እውነቷን ነው፤ አቧራ ለብሼ፣ የወደቀ አጥር መስዬ ነበር። በማግስቱም ከእሷው ገዛሁ። እንዲህ እንዲህ እያልን ሽማግሌ ልኬ ተጋባን። አብረን ስንኖር ብዙ ጊዜያችን ነው። ልጅ አልሰጠንም። አፏ እንደ አፌ ነው፤ ስንነጋገር የሰማ ጎረቤት ልንጋደል ይመስለዋል፤ እኛ ግን እራት ምን እንደምንበላ ነው የምንነጋገረው።

ሚስቴ ከእኔ የጠየቀችኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ቁርባን። በሽማግሌ የተጋባ ሰው ከፈለገ ይፋታል። አብሮ የቆረበ ግን መፋታት የለበትም፤ አንዱ አንዱን እስኪቀብር ነው። በየዓመቱ ፋሲካ ሲያልፍ ትጠይቀኛለች። አትለማመጥም። ወጥ እያወጣች፣ «ዘንድሮስ?» ትላለች። ያ ቃል ከዚያ ቀንበር ጋር ያለውን ነገር እሷ አታውቅም፤ እኔን ግን ሁልጊዜ ይነካኛል።

የሚከለክለን አንድ ነገር ነበር። የንስሐ አባታችን፣ ሽማግሌ ቄስ ናቸው፣ ቂም የያዘ ሰው ወደ ሥጋ ወደሙ አይቀርብም አሉ። ታረቅና ና አሉኝ። ቤታችን ጠበል ሊረጩ በመጡ ቁጥር ያነሡብኛል።

«ልጄ፣ ይቅር ለእግዚአብሔር በል። ሌላው የእሱ ሥራ ነው» አሉኝ አንድ ቀን።

«አባ፣ አፌ ይል ይሆናል። እኔ አልልም።»

«አንተ ከአፍህ ተለይተህ የምትኖር ነህ እንዴ?»

«ስለማልለይ ነው እንጂ አባ። የምለይ ብሆን ድሮ ብዬው ነበር።»

ሳቁ። ሲስቁ ጥርሳቸው አንድ ሁለት ነው፤ ደስ ይላሉ። ሚስቴ ግን አልሳቀችም። ጠላውን አስቀምጣላቸው ወጣች።

ፊደል የቆጠርሁት እንግዲህ በዚህ ዕድሜዬ፣ አዘዞ ባለ የሕፃናት ትምህርት ቤት ነው። ማታ ማታ ከሥራ መልስ ጎልማሳ ያስተምራሉ። ወንበሩ የልጅ ነው፤ ጉልበቴ አገጬን ይነካል። ማንበብ ሲገባኝ መንገድ ላይ ያለውን ሁሉ አነበብሁ። የሚያስቆጭ ነገር ነው። ስንት ዘመን ምን ይሆን እያልሁ የማልፈው ጽሑፍ ሁሉ «ይከራያል» ነው ለካ። ቢሆንም አልተውሁም። ስድቤን ራሱ በጽሑፍ ማየት ያምረኝ ነበር።

አስተማሪያችን ልጄ የምትሆን ሴት ናት። ትዕግሥቷ የሚገርም ነው፤ አንድ ፊደል አሥር ጊዜ ብትጠየቅ አሥር ጊዜ ፊቷ ሳይጠቁር ትመልሳለች። አንድ ማታ ከሰሌዳ መገልበጥ በቃችሁ፣ ዛሬ የራሳችሁን ዓረፍተ ነገር ጻፉ አለችን። ሰሌዳው ላይ «እሴት» ብላ ጻፈች። ሰው ቢስቅባችሁም፣ ቢያጎድልባችሁም የማትለቁት ነገር ማለት ነው አለች። እሱን እወቁና ጻፉት፤ ያላወቁትን ነገር ይዞ መኖር አይቻልም አለች።

ባለ ጋሪው እጁን አወጣ። ፌዘኛ ነው። «የኔ እሴት ፈረሷ ናት። ለቅቄ ባያት ገበያ መሀል ትገባለች» አለ። ክፍሉ ሳቀ። ሴቶቹ ልጆቼ፣ እምነቴ፣ ጤናዬ ብለው ጻፉ። ሸጋ ነው፣ ማን ይጠላል? እኔ ግን ብዙ ቆየሁ። ድንጋይ ስጠርብ እንኳ እንደዚያ አላብም። በመጨረሻ የጻፍሁት እንዲህ ይላል፦ የጠመድሁትን አልፈታም። ጠመኔውን ሰጥታኝ ሰሌዳው ላይ አስጻፈችኝ። «ጠ» ጎባጣ ወጣች።

«አያ፣ አዘዞ ላይ ምን ትጠምዳለህ? ድንጋይን ከድንጋይ?» አለ ባለ ጋሪው።

ከዚያ ነገርኋቸው። በሬውን፣ ቀንበሩን፣ ያን ጧት። ረጅም አላደረግሁትም። አብዛኞቹ የገጠር ሰዎች ናቸው፤ ማነቆው ተፈታ ስል አንዲት ሴት እጇን አፏ ላይ ጫነች።

አስተማሪዋ ከተሜ ናት፤ ነገሩ አዲስ ሆነባት። ከዚያ ጠየቀችኝ። ልታሳፍረኝ አይደለም፤ ማወቅ ፈልጋ ነው።

«ጋሼ፣ አሁንስ ምን ጠምደዋል?»

በልቤ ቆጠርሁ። ማኅበር አልገባሁም። ዕቁብ አልገባሁም። ዕድሩን እንኳ በስሟ የገባችበት ሚስቴ ናት፤ ስሞት የምቀበረው በእሷ ነው። ያ ጧት ካለፈ ወዲህ ከማንም ጋር አንገቴን አንድ ቀንበር ውስጥ አላስገባሁም። ለማንም አልፈታሁበትም፤ እውነት ነው። የሚፈታ ነገር አልነበረማ።

ቤት ገብቼ ለሚስቴ አጫወትኋት። ለማግስት ገበያ ሽንኩርት እየለየች ነበር፤ ደህናውን በአንድ ወገን፣ የተነካውን በሌላ። እስክጨርስ አላቋረጠችኝም። ይህ ከእሷ ብዙ ነው።

«እኔስ?» አለችኝ። «እኔን ጠምደኸኛል፣ ወይስ እንዲያው አጠገብ ላጠገብ ቆመናል?»

ሽንኩርቷን ለየች። አጠገቧ ቁጭ ብዬ አብሬያት ለየሁ። ያን ቀን ለእሷ የተሰማኝን ነገር በምን ቃል እንደምጽፈው አላውቅም። ያን ሁሉ ዓመት «ዘንድሮስ?» እያለች ቀንበሩን በአንድ እጇ ይዛ የቆመች ሰው ናት። አንድም ቀን አልጣለችውም።

ብዙ ቀን ድንጋይ ስጠርብ አሰብሁበት። ይቅር ልበል አልልበል አይደለም ያሰብሁት፤ እሱን አላውቅበትም። ያሰብሁት እንዲህ ነው። ያን ጧት የፈታ እሱ ነው። እኔስ? እኔ አልፈታሁም። በእኔ በኩል ያለው ማነቆ ዛሬም እንደታሰረ ነው። የጠመድሁትን አልፈታም ብዬ በሰው ፊት በጠመኔ ጽፌያለሁ። እንግዲያ የእሱ ጓደኛ ነኝ ማለት ነው፣ ደስ አለኝም አላለኝም። የእኔ ተራ አልፏል። ቀጣዩ ተራ የእሱ ነው።

ከተማ ተቀምጬ አንድ በሬ አለኝ። ሰው ይስቅብኛል። ጥጃ ሳለ ገዝቼ እህቴ ዘንድ የተውሁት ነው፤ ባሏ ያርስበታል። ለምን እንደገዛሁት ለራሴም ነግሬው አላውቅም ነበር።

መንገድ ተዘግቶ ከረመና ፋሲካ አልፎ ሲከፈት ወጣሁ። ደባርቅ ሳልደርስ ከመኪና ወርጄ ሽቅብ በእግሬ ሄድሁ። እህቴ ስታየኝ መጀመሪያ የጠየቀችኝ ማን ሞተ ብላ ነው። ከዚያ የአገሩን ወሬ ነገረችኝ። የአጎታችን ልጅ በሬ ገደል ገብቶበታል፤ የቀረውን አንድ በሬ ከፈረስ ጋር ጠምዶ ነው የሚያርሰው፤ ልጆቹ ከተማ ገብተዋል፤ ደስ ይበልህ ብዬ አይደለም የነገርሁህ አለችኝ። ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። ጠበቅሁት። አልመጣም።

በማግስቱ፣ ማክሰኞ፣ በሬዬን ነድቼ ወረድሁ። እርሻው ላይ አገኘሁት። አርጅቷል። ጢሙ ገብስ መስሏል። ፈረሱና በሬው አንዱ ሲሮጥ አንዱ ሲጎተት፣ ፈሩ የሰካራም መንገድ ሆኗል። አንቱ ማለቱን አልተወም፤ ከሩቅ ሰማሁት፤ ፈረሱን «እርስዎ ሠርግ ተጠርተዋል እንዴ ጌታው፣ ምነው ጥድፊያዎ?» ይለዋል። ተመልሼ ልሄድ ምንም አልቀረኝ።

አየኝ። እርፉን ለቀቀ።

«ይቅር አላልሁህም» አልሁት፣ ሰላምታ እንኳ ሳላስቀድም። «በሬው ግን መጥቷል። ተራው ያንተ ነው።»

ፈረሱን ፈታው። በሬዬን ጠመድነው። ማነቆውን ያሠርሁት እኔ ነኝ። ተራ በተራ እርፍ እየያዝን አረስን። ድንጋይ እጄን እንጂ ወገቤን አላበረታውም፤ ፈሬ ተጣመመ።

«ከተማ ፈርህን በላው» አለኝ።

«አንተ ፈረስ ጠምደህ ምን አለህና?»

«ፈረሱስ አይሳደብም።»

በሬዬ አገሩን ቢያውቅም ሰውየውን አያውቅም፤ መሀል ላይ ለገመ። አያ ጠጋ አለና በጆሮው፣ «ጌታው፣ ከዚህ ክፉ ሰው ቤት መጥተው እንዴት ቸር ሊሆኑ ይችላሉ?» አለው። ሳቅሁ። ሳልፈልግ ነው የሳቅሁት፤ ድሮ የምስቀው ሳቅ ነው የወጣኝ፤ የት እንደነበር እንጃ። እሱ ግን አልሳቀም። እርፉን እንደያዘ ቆመ። መሬት አልጫረም፣ ፊቱንም አላዞረም።

«ያን ጊዜ ምነው አያ ብለኸኝ ነበር» አለኝ። «ፈርቼ ነው። ዳልቻህ ያነክሳል፤ ዝናቡ ያልፋል አልሁ። የልጆቼ ሆድ ታየኝ። ያንተ እንዳይታየኝ ፊቴን አዞርሁ። የፈታሁት እኔ ነኝ። አንተ ምንም አላደረግህም።»

ጠበቅሁት። ከዚህ ወዲያ የሚመጣውን አውቀዋለሁ ብዬ ነው የጠበቅሁት፤ «አንተም ግን» ሊለኝ ነው ብዬ። ሽማግሌዎቹ የቆረሱልኝን ግማሽ ሊሰጠኝ ነው ብዬ። አላለም። ሙሉውን ይዞት ቆመ።

«ሰማሁህ አያ» አልሁት።

ፀሐይ ሳትበረታ እንጨርስ አለኝና ጨረስን። በሬዬን ዘሩ እስኪያልቅ እዚያው ተውሁለት፤ አልፈታሁትም።

አዘዞ ስመለስ ቄሱ ታረቃችሁ ወይ ብለው ጠየቁኝ። አርሰናል አባ አልኋቸው። እሱ ይበቃል አሉ። በዚያው ሳምንት እሁድ ቆረብን። ሚስቴ ነጭ ነጠላ ለብሳ አጠገቤ ቆመች፤ ስንወጣ፣ እንግዲህ ሽንኩርቴ ቢበሰብስም መፍታት የለም አለችኝ።

ቄሱ ነገሩ የተዘጋው በዚያ እሁድ ነው ይላሉ። ሚስቴም ከእሳቸው ጋር ናት። እኔ ግን ቀኑን አልስተውም፤ አሁን መጻፍም ስለምችል እጽፈዋለሁ። ግንቦት አሥራ ስምንት፣ ማክሰኞ፣ ረፋድ ላይ።